ትርንጎ በሦስት መስመር

በሰፈራችን ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መንገድ ላይ ሰው አታገኙም። ሁሉም በየቤቱ፣ የሟቾች ፎቶ የሚበራበት ግድግዳ ፊት ቆሟል። አንዱ የጥርስ ብሩሹን እንደጎረሰ፣ ሌላዋ ልጇን እንዳዘለች ሟቾቻቸውን እያዩ ነው። ለአንድ ሟች አንድ ደቂቃ ይበቃል። ግድግዳው ዓይናችንን ስለሚከታተል ሰረቅ አድርጎ ስልኩን ያየ ሰው ደቂቃው እንደገና ይጀመርበታል። የሟችም ሆነ በሕይወት ያለ ሰው፣ ዓመቱን ሙሉ ያልታየ ፎቶ ጳጉሜን ሲገባ ቦታ እንዲቆጥብ ይጨመቃል፤ የታየው ባለበት ይከርማል። ስለዚህ ለበዓል ገጠር የሚሄድ ሰው ቁልፉን ለጎረቤት ይሰጥና «አደራ፣ አባቴን እያችሁልኝ» ብሎ ይሄዳል። እኔም የሦስት ጎረቤቶቼን ሟቾች አይቼ አውቃለሁ። የማያውቁትን ሰው አንድ ደቂቃ ሙሉ ትክ ብሎ ማየት እንዴት እንደሚከብድ የሞከረው ያውቀዋል።

ብሌን እባላለሁ፤ ዕድሜዬ ሃምሳ ዘጠኝ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት መሬት ስቀይስ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ግምት የሚባል ነገር አልወድም። «ወደ አምስት ሜትር ገደማ» የሚል ሠራተኛ ከእኔ ጋር ሁለት ቀን አይሰነብትም ነበር። ይህን የምነግራችሁ ልመካ ብዬ አይደለም። ቀጥሎ የምለውን ስትሰሙ «ሴትዮዋ ድሮም ዝንጉ ነበረች» እንዳትሉኝ ነው።

አንዲት ልጅ ነበረችኝ። የአያቶች ስም እንደገና ፋሽን በሆነበት ጊዜ ስለተወለደች ትርንጎ አልናት። አባቷ ኢዮስያስ ሁለት ዓመት ሲሆናት በመኪና አደጋ ሞተ። እሷን ደግሞ በዘጠኝ ዓመቷ፣ በሐምሌ 2079 ዓ.ም.፣ የሦስት ቀን ትኩሳት ወሰዳት። እነሆ አሥራ ሁለት ዓመት ሆነ። ባለፈው ታኅሣሥ የደብረ ብርሃን ውርጭ የመቃብሯን ድንጋይ ከላይ እስከ ታች ሰነጠቀው። የድሮው ድንጋይ ፎቶ አልነበረውም። አዲሱ ይኑረው ብዬ ለዘመን መለወጫ እንዲደርስ አዘዝኩ።

ድንጋይ ጠራቢዋ ሲፈን ትባላለች፤ እጇ የተባረከ፣ ወሬ የማታበዛ ሴት ናት። ጳጉሜን አንድ ቀን ጠዋት ወደ ሥራ ቦታዋ ጠራችኝ። ከማኅደር ያስመጣችውን የትርንጎን ፎቶ ሸክላ ላይ ከማተሟ በፊት በግድግዳው ልክ አጉልታው ነበር። እቤቴ ያለው መዳፍ ቢያክል ነው። ልጄን እንዲህ ትልቅ ሆና ሳያት አንድ ያልተጠረበ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

«እትዬ ብሌን፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ፎቶ እንዲህ ጥርት ብሎ አይቼ አላውቅም» አለችኝ ሲፈን። «የሽፋሽፍቷ ጸጉር አንድ በአንድ ይቆጠራል። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት። ይቺን ጠባሳ ላጥፋት ወይስ ትቆይ?»

«የምን ጠባሳ?»

በጣቷ አሳየችኝ። ግራ ቅንድቧ ላይ፣ ሹሩባዋ ጥላ የጣለበት ቦታ፣ አንዲት ቀጭን ነጭ መስመር ቅንድቡን ለሁለት ትከፍለዋለች።

«ትቆይ፤ የራሷ ናት» አልኩ። እንዴት እንዳገኘቻት ልነግራትም አፌን ከፍቼ ነበር። አፌ ላይ የመጣው ታሪክ ግን የትርንጎ አልነበረም። መንዝ መንገድ ሥራ ላይ ሳለን የቅየሳ መሣሪያውን መቆሚያ ትከሻዬ ላይ አድርጌ ዞር ስል፣ ባለ ብረቱ እግር ከኋላዬ የቆመውን አዲስ ሠራተኛ ግራ ቅንድቡን መታው። አራት ቦታ ተሰፋ። ይቅርታ ልጠይቅ ሄጄ በዓመቱ አገባሁት። ጠባሳው የኢዮስያስ ነው።

ጠባሳ አይወረስም፤ ይህን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ሲፈን ውሃ አመጣችልኝ። ብርጭቆውን አስቀምጬ ተነሣሁና አፍንጫዬ ግድግዳውን እስኪነካ ቀርቤ መረመርኩ። ቅንድቡ የኢዮስያስ ነው። የአፍንጫው አጥንት የኢዮስያስ ነው። ከንፈሩ፣ አገጩ፣ የግንባሩ ስፋት ሳይቀር ባሌ ነው፤ ባሌ አንሶ፣ ለስልሶ፣ ሹሩባ ተሠርቶለት ቀሚስ ለብሷል።

«ድንጋዩን አቁሚው» አልኳትና ወጣሁ።

ማኅደር የሚባለው መሥሪያ ቤት ከተማችን ዳር ኮረብታው ላይ ነው። የአገሩ ሕዝብ ፎቶ በሙሉ እዚያ ይቀመጣል። ብርዳችን ለሰው ባይመችም ለማሽን ይስማማል ብለው ነው እዚህ የሠሩት። አገልግሎት መስኮቱ ላይ ያገኘሁት ልጅ ናሆም ይባላል። ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፏል፤ ትሕትናው ግን ልክ የለውም። የጳጉሜን ወረፋ በር ድረስ ተሰልፎ እያለ እንኳ ብድግ ብሎ ወንበሩን ሰጠኝ።

«ልጄ፣ ይሄ ፎቶ የልጄ አይደለም» አልኩት።

ቁጥሩን አስገብቶ አየ። «የርስዎ ልጅ ናት እናቴ፤ ትርንጎ ኢዮስያስ። ሁሉም በቦታው ነው። አራት ሺህ አንድ መቶ አሥራ ሁለት ፎቶ፣ አንድም አልጎደለም።»

«ቅንድቧ ላይ ያለው የአባቷ ጠባሳ ነው።»

«አዎ፣ ሊሆን ይችላል። በማስጠጋት ነው የተጨመቀችው።» ይህን ያለው የዝናብ ወሬ እንደሚያወራ ሰው ነው። «ዘመድ ለዘመድ ይጠጋል። የአባትየው ፊት ተቀምጧል፤ የልጅቷ እሱን ተጠግታ ትኖራለች። ሁለት ፊት ከሚቀመጥ አንዱ ቢቀመጥ ቦታ ይተርፋል።»

«እሺ። ሳትጠጋ በፊት የነበረችው የታለች?»

«እሷማ ተጨምቃለች።»

«ከተጨመቀ በኋላ ምን ቀረ? ያንን አሳየኝ።»

ሰው ይህን ጠይቆት አያውቅም መሰለኝ። ከዚያ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረልኝ። ሦስት መስመር ጽሑፍ ነበር።

ሴት ልጅ። ፊት፦ የአባት፣ ወደ ዘጠኝ ዓመት የወረደ።
ጸጉር፦ ሹሩባ።
ስሜት፦ ደስተኛ።

ሌላ የቀረ ነገር ካለ ብዬ በጣቴ ወደ ታች ገፋሁት። ባዶ ነው።

«ሁሉንም አንድ ላይ ብናደርገው ከአንድ የስልክ መልእክት ያነሰ ቦታ ነው የያዘው» አለኝ ናሆም። ሊያጽናናኝ ነው። «በጣም የተሳካ ጭመቃ ነው። ጥራቱ ደግሞ አልቀነሰም፤ እንዲያውም ጨምሯል። ሲከፍቱት ማሽኑ ከነዚህ መስመሮች ተነሥቶ እንደ አዲስ ይሥለዋል።»

ሕፃን ሳለሁ ስልካችን ላይ ፎቶ ሲጨመቅ ይቆሳሰል ነበር። ፊት በካሬ በካሬ ይቆራረጣል፣ የሰማዩ ቀለም ይደፈርሳል፣ የልብስ ጥለቱ ይጨማደዳል። አስቀያሚ ነበር፤ ቢሆንም ጉዳቱ ይታያል፣ የጎደለውን ታውቁታላችሁ። ዛሬ የጎደለው ሁሉ በሚያምር ነገር ተሞልቷል። የሽፋሽፍት ጸጉር ድረስ ጥርት ብሎ ይዋሻል።

«ማን ፈቀደ?» አልኩ። ድምፄ ከፍ ሳይል አልቀረም፤ ወረፋው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ናሆም የድሮውን ቅጽ አወጣልኝ። ጳጉሜን 2079። ልጄን በቀበርኩ በሁለተኛው ወር። ከሥር ፊርማዬ አለ። ከፊርማዬ በላይ እንዲህ ይላል፦ ጥያቄ፣ ሟች ማንን ትመስላለች? መልስ፣ ቁርጥ አባቷን።

ያን ቀን ትዝ አለኝ። ማኅደር ለቤታችን ፎቶ የፈቀደው ቦታ ሞልቶ ነበር፤ ከትርንጎ ፎቶዎች ግማሹን አጥፊ አሉኝ። የትኛውን ላጥፋ? አንዱንም መንካት አልቻልኩም። ያኔ መስኮቱ ላይ የነበረችው ልጅ አዘነችልኝና «ማስጠጋት ይሻልዎታል፤ አንድም ፎቶ አይጠፋም» አለችኝ። ከዚያ ጥያቄውን ጠየቀችኝ። እኔም ሰው እንደሚመልሰው መለስኩ። ኢዮስያስ ከሞተ ጀምሮ ለሰባት ዓመት ቤቴ የገባ ሰው ሁሉ ትርንጎን አገላብጦ እየሳመ «እሱ መቼ ሞተ! ይኸው ቁርጥ እሱን ትቶልሽ» ይለኝ ነበር። ለሐዘንተኛ ሌላ ምን ይባላል? እውነት ትመስለው ነበር ወይ ብትሉኝ፣ ምናልባት አገጯ። እሱንም እርግጠኛ አይደለሁም።

«ሁሉም ሰው እንደ እኔ ነው የሚመልሰው?»

«እናቴ፣ እዚህ መስኮት ስቀመጥ አምስት ዓመቴ ነው» አለ ናሆም። «'ልጄ ማንንም አይመስልም' ያለ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። 'ቁርጥ እናቱን'፣ 'ቁርጥ አያቷን' ነው። ለዚህ እኮ ነው ጭመቃው በኛ አገር ከየትም በላይ የተሳካው።»

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። ከኮረብታው እየወረድኩ ዓይኔን ጨፍኜ የልጄን እውነተኛ ፊት ለማስታወስ ሞከርኩ። እጇ መጣልኝ፣ ላብ ያለው ትንሽ እጅ። ድምጿ መጣልኝ። ጸጉሯን ስቀባት የነበረው የቅባቱ ሽታ መጣልኝ። ፊቷን ስጠራ የመጣው ግን ግድግዳዬ ላይ ያለው ነው። ደግሜ ሞከርኩ። አሁንም እሱው መጣ። በየቀኑ አንድ ደቂቃ፣ አሥራ ሁለት ዓመት፤ ሒሳቡን በልቤ ሠራሁት። ሰባ ሦስት ሰዓት ሙሉ የልጄ ያልሆነ ፊት አጥንቻለሁ። ልጄ እንዳትጠፋብኝ ብዬ በገዛ ዓይኔ አጥፍቻታለሁ። ፈራሁ። ባሌ የሞተ ቀን፣ ልጄ የሞተች ቀን እንዲህ አልፈራሁም።

በማግስቱ ጋሼ ያፌት ዘንድ ሄድኩ። ድሮ መናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ቤት የነበራቸው፣ የትምህርት ቤቱን የዓመት መጨረሻ የክፍል ፎቶ የሚያነሡ ሽማግሌ ናቸው። አንድም ፎቶ አላስጨምቅም ብለው ከማኅደር ጋር ተጣልተው ግድግዳ እንኳ የላቸውም። ሰፈሩ «ግትሩ ያፌት» ይላቸዋል። እኔም እል ነበር።

«አንቺ ቀያሿ!» አሉኝ በሩን ሲከፍቱ። «መጣሽ? ሁሉም አንድ ቀን ይመጣል ብዬ ነበር።»

የብስኩት ቆርቆሮ ከአልጋቸው ሥር ጎትተው አወጡ። ውስጡ የጥፍር ያህል የሆኑ የድሮ ሜሞሪ ካርዶች ሞልተዋል። እያንዳንዱ በፕላስተር ታሽጎ ዓመተ ምሕረት ተጽፎበታል። ሰኔ 2079፣ ሦስተኛ ክፍል። ልጄ ከመሞቷ አንድ ወር በፊት ማለት ነው። ካርዱን አሮጌ ኮምፒውተራቸው ውስጥ ሲሰኩት ማሽኑ አቃሰተ። ፎቶው ከላይ ወደ ታች ትንሽ በትንሽ መውረድ ጀመረ፤ መጀመሪያ ሰማዩ፣ ከዚያ የትምህርት ቤቱ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከዚያ ጸጉሮች።

«የያዘችውን ቦታ አየሽ?» አሉኝ በኩራት። «ይቺ አንዲቷ ፎቶ የአንቺን ሰፈር ሟቾች በሙሉ ታክላለች። ምንም አልተነካችም። ያን ቀን ካሜራው ያየው በሙሉ አለ።»

አርባ አንድ ልጆች ነበሩ። ሃያ ሁለት ወንድ፣ አሥራ ዘጠኝ ሴት። ጋሼ ያፌት ሲያነሡ መሳቅ ስለማይፈቅዱ ሁሉም ደርቀው ቆመዋል። ከመካከላቸው አንዷ ልጄ ናት፤ ያልተጨመቀች፣ ያልተጠጋች፣ የራሷን ፊት የያዘች።

«በይ፣ የትኛዋ ናት? ላቅርብልሽ» አሉኝ።

አንድ በአንድ አየኋቸው። ከግራ ጀምሬ እስከ ቀኝ፣ ከዚያ ከቀኝ ወደ ግራ።

«ብሌን?»

«ትንሽ ይጠብቁኝ።»

«መነጽርሽን አድርጊ እንጂ።»

መነጽሬን አድርጌያለሁ። አሥራ ዘጠኝ ልጆች አፍጥጠው ያዩኛል፤ አንዷም «እማዬ» የምትል አትመስልም። ሌላ መላ ሲጠፋኝ በሙያዬ ገባሁበት። ያን ዕለት ጠዋት ሹሩባ ሠርቼላታለሁ፤ ይህን አልረሳውም። ሹሩባ ያላቸው ሰባት ናቸው። ልጄ ከዕድሜዋ ረጅም ነበረች፤ ቀሚሷ በየዓመቱ ያጥራት ነበር። ከሰባቱ በኋለኛው ረድፍ የቆሙት ረጃጅሞች አራት ናቸው። ከአራቱ በላይ መሄድ አልቻልኩም።

«ጋሼ ያፌት» አልኩ፣ «ልጄን አላወቅኋትም።»

አፋቸው የማያርፈው ሽማግሌ እጃቸውን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሡና ቀስ ብለው «እኔም ፎቶ እንጂ ስም አልያዝኩም ልጄ» አሉኝ። አራቱንም አተሙልኝ። ወረቀቱ ገና ሳይቀዘቅዝ እንባዬ እንዳያበላሸው ወደ ሌላ ዞርኩ። የወለደ ሰው ልጁን ከአራት ልጆች መካከል መለየት አቃተው ቢባል እኔ ራሴ አላምንም ነበር።

ልጠይቃት የምችለው የሦስተኛ ክፍል አስተማሪዋ ካረፈች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ለእህቴ አራቱን ፎቶዎች ላክሁላት። «አንዳቸውም አይደሉም፤ ትርንጎን እኔ አጣታለሁ እንዴ! ይኸው በየቀኑ አያታለሁ» ብላ መለሰችልኝ። እሷም ግድግዳ አላት።

ሲፈን ደወለች፤ ድንጋዩ ይጠብቃል። በግምት አንዷን መርጬ ብሰጣት ማንም አይከራከረኝም ነበር። ነገር ግን ከአራቱ ሦስቱ ዛሬ የሃያ አንድ ዓመት ወጣቶች ሆነው ይሄው ከተማ ውስጥ ይሄዳሉ። በሕይወት ያለ ሰው ፎቶ መቃብር ላይ ይለጠፋል? ይህን ሳስብ መንገዱ ታየኝ። ሦስቱን በሕይወት ካገኘኋቸው የቀረችው የኔ ናት። ከትምህርት ቤቱ መዝገብ የአሥራ ስምንት ሴት ልጆች ስም ወሰድኩ።

መጀመሪያ ያገኘኋት አሰለፈች ትባላለች፤ ገበያው በር ላይ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ጳጉሜን አራት ቀን ከሰዓት በኋላ ገባሁ። ረጅም፣ ፊቷ ቀጠን ያለ፣ አንደበቷ ለስላሳ ልጅ ናት። አራቱን ፎቶዎች ባንኮኒው ላይ ደረደርኩላት።

«ሦስተኛ ክፍል ከልጄ ከትርንጎ ጋር ትማሪ ነበር። ከነዚህ ውስጥ አለሽበት?»

አንድ በአንድ አየቻቸው። «የለሁበትም እናቴ። እኔ ልጅ ሆኜ ይኼን አልመስልም ነበር።» ስልኳን ከፍታ የማኅደር ፎቶዋን አሳየችኝ። ክብ ፊት፣ ጉንጫም፣ ጥርት ያለች ልጅ። «ይቺ ነኝ። ቁርጥ እናቴን።»

ስልኩን አየሁ፤ እሷን አየሁ። ያን ጊዜ ነው ግራ ጆሮዋን ያየሁት። የጉትቻ ቀዳዳዋ እስከ ታች ተሰንጥቆ የጆሮዋ ጫፍ ለሁለት ተከፍሏል። ወደ ባንኮኒው ጎንበስ አልኩ። ሦስተኛው ፎቶ ላይ ያለችው ረጅም ልጅ ግራ ጆሮዋ ላይ ነጭ ፋሻ አለ፤ ከፋሻው ጠርዝ በታች ቆዳው ተከፍሎ ይታያል። ፎቶውን አንሥቼ ፊቷ አጠገብ ያዝኩት። የአፍንጫው ቅርጽ፣ የዓይኑ አቀማመጥ፣ የግንባሩ ርዝመት፤ ልክ ነው።

እጇ ወደ ጆሮዋ ሄደ። «ይሄ… ትልቅ ሆኜ የተሰነጠቀ ነበር የሚመስለኝ» አለች። «ፎቶዎቼ ላይ ደህና ነው እኮ።»

ፎቶውን ተቀብላኝ መዋቢያዎች የሚሸጡበት ጥግ ወዳለው መስታወት ሄደች። ብዙ ቆየች። አንድ ሰውዬ የሐኪም ወረቀት ይዞ ገብቶ ሁለት ጊዜ ተጣራ፤ አልሰማችውም። ስትመለስ ፊቷ አመድ መስሏል።

«እርስዎ ያኔ ያውቁኝ ነበር?» አለችኝ። «እንዲህ ነበርኩ? ሌላ የኔ ፎቶ አለዎት?»

«የለኝም የኔ ልጅ። ትርንጎን ታስታውሻት ይሆን? ከነዚህ ከሦስቱ የትኛዋ ናት?»

ሦስቱን አየች። ለማወቅ ስትታገል ያስታውቅባት ነበር። «እንጃ እናቴ። ፊቷ አልመጣልሽ አለኝ…» ብላ፣ «አንቺ» ስላለችኝ ደነገጠችና «አልመጣልዎት አለኝ» ብላ አረመች። «አንድ ነገር ብቻ ትዝ ይለኛል። ስትስቅ ሁልጊዜ አፏን በእጇ ትሸፍን ነበር።»

እውነት ነው። የፊት ጥርሶቿ ተደራርበው ስለበቀሉ ታፍር ነበር፤ «እጅሽን አውርጂ፣ ቆንጆ ነሽ» እያልኩ ስቆጣት ኖሬያለሁ። ረስቼው ነበር። ግድግዳዬ ላይ ያለችው አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ጥርሷን ገልጣ ስትስቅብኝ፣ እኔም መልሼ ስስቅላት ነበር።

ፎቶውን ለአሰለፈች ሰጠኋት። ደረቷ ላይ ለጥፋው ባንኮኒው ሥር ተቀመጠችና ማልቀስ ጀመረች። ላባብላት ይገባ ነበር። እውነቱን ልናገር፤ ደስ ብሎኝ ነበር። የሰው ልጅ የገዛ ፊቷን አጥታ ስታለቅስ እያየሁ፣ እኔ በልቤ «አንድ ተቀነሰ» እያልኩ ነበር። አፈርኩ፤ ደስታዬ ግን አልጠፋም።

መንገድ ዳር ቆሜ ዝርዝሩን አውጥቼ የሚቀጥለውን ስም አነበብኩ። ሦስት ፊት ቀርቶኛል፤ አንዷ ልጄ ናት።